አሥረኛ የጨረሰችው አክስት፣ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰችው የእህት ልጅ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በቤተሰባችን ያሉ ሁለት ሴቶችን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። በ1997 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች። መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አልመጣላትም። ከመርጡለ ማርያም ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ተመዘገበች፣ ተመረጠች፣ አንድ ዓመት ሠለጠነች፣ ተመልሳም እዚያው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነች። ዛሬም ደመወዟን እየበላች፣ ልጆቿን እያሳደገች በዚያው ሥራ ላይ ናት።

ሁለተኛዋ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። በ2015 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ ተፈተነች፤ ሃምሳ በመቶው አልሞላም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቤት ናት። እናቷን ታግዛለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ማታ ማታ ስልኳን ይዛ "አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ ዐረብ አገር?" የሚለውን ታሰላስላለች። አክስቷ የያዘችውን ዓይነት ሥራ ጠይቃ ነበር። "ቦታው ተሞልቷል፤ ለዚያውም አሁን ከፍ ያለ ደረጃ ይጠይቃል" ተባለች።

ልብ በሉ። ሁለት ዓመት የበለጠ የተማረችው የእህቴ ልጅ ናት። በሩ ተከፍቶ የጠበቃት ግን አክስቷን ነው።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ አገር ቤት ገብቼ ድንኳን ውስጥ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር አጠገብ ተቀመጥሁ። ልጅቱ እንግዳ ስታስተናግድ አዩዋትና፣

"ይህች የማን ናት?" አሉኝ።

"የእህቴ ልጅ ናት የኔታ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነው።"

"እኮ፣ ጨርሳስ?"

ዝም አልሁ።

"ልጄ፣ እኛ ዘንድ ዳዊት የደገመ ልጅ የሚቆምበትን ያውቀዋል። እናንተ ይህችን ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ስታስተምሯት የት ላይ ትቆማለች ብላችሁ ነበር?"

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለየኔታ የዘገየ መልሴ ነው።

ቦታው የሚቀድምበት ትምህርት

የኔታ የተናገሩት ተራ ትዝታ አይደለም። መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ከመሆኗ በፊት የቤተ ክርስቲያን አገር ነበረች፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። የአካባቢው ትውፊት ደብሩን ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል። ዛሬ ፍርስራሹ ቆሞ የሚታየው፣ ድንጋዩ በጽጌያትና በሐረግ የተፈለፈለው ሕንፃ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንግሥት እሌኒ ስም የሚጠራ ነው። ወደ ብቸና በኩል ስትሄዱ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" በዛብህን ያስተማሩት በዚያው ዲማ ነው። ቅኔውን ተቀኝቶ ሲጨርስ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ወደ ጉዳያችን ስንመለስ ግን ያ ወጣት ተምሮ ሥራ አልፈለገም፤ ሥራው እርሱን ፈለገው።

የዚህ ትምህርት ምሥጢር ቀላል ነው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት። አንድ ደብር ሲተከል አብሮት የታወቀ የሰው ቁጥር ይተከላል። በላዩ መሪጌታው አለ፣ ደብተራው አለ፣ መጽሐፍ የሚጽፈው አለ። ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚታረስ መሬት አለ፤ የሰሞን መሬት የሚባለው። ሕፃኑ ፊደል ሲቆጥር መንደሩ ከዚህ ልጅ የሚጠብቀውን ያውቃል። ዲያቆን ሆኖ እያገለገለ ይማራል፤ እየተማረ ያገለግላል። የበለጠ የፈለገ ደግሞ ቁራሽ እየለመነ እስከ ዋሸራ፣ እስከ ጎንጅ፣ እስከ ጎንደር ይዘልቃል። መቅረት የፈለገ ይቀራል፣ መሄድ የፈለገ ይሄዳል፤ ሁለቱም ክብር አላቸው።

ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። ይህ በር ለሴት ልጅ ዝግ ነበር። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን "ቡዳ" እያለ የሚንቅ ኅብረተሰብ ውስጥ ነበር። ይዞት የቆመው መሬትም በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሄደ። የእህቴን ልጅ ወደዚያ እንመልሳት የሚል ሐሳብ የለኝም። ልንወስደው የሚገባን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቦታው ይቀድማል፤ ትምህርቱ ይከተላል።

ትምህርት የመውጫ መንገድ ሲሆን

ዘመናዊው ትምህርትም ሲጀመር በዚሁ ሥርዓት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት መንግሥት የሚፈልገው ታውቆ ነበር፤ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር የሚነጋገር፣ ጽሕፈት የሚይዝ ሰው። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈቱ። ከነዚህ የወጣ ልጅ በቀጥታ ወደ ሚኒስቴር፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ቴሌ፣ ወደ አየር መንገድ ነው የሚገባው። አባቶቻችን "የተማረ ይግደለኝ" ያሉት ባዶ ፍቅር አልነበረም፤ የተማረው ሲያልፍለት በዐይናቸው አይተው ነው።

ልዩነቱ ቦታው የት ነው የሚለው ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቦታ በየመንደሩ ነበር። የአዲሱ ትምህርት ቦታ አዲስ አበባ ነው፤ ቢቀርብ ደብረ ማርቆስ። ስለዚህ ከሞጣ፣ ከብቸና፣ ከመርጡለ ማርያም ልጁን ትምህርት ቤት የላከ ገበሬ ልጁን እየሸኘ ነበር። "ተምረህ ሰው ሁን" ማለት "ከዚህ ውጣ" ማለት ሆነ። የእጅ ሥራ የሚናቅበት አገር መሆኑ ነገሩን አባሰው። ዐፄ ምኒልክ በዚያው በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጁ ተነገረ፤ ንቀቱ ግን ቀረ። ብዕር የያዘ ልጅ መዶሻ አይነካም።

ከተለመደው መንገድ ወጣ ያለ አንድ ምሳሌ ከክልላችን ልጥቀስ። በ1953 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እገዛ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ ከሚያሠለጥንባቸው ሙያዎች አንዱም ጨርቃ ጨርቅ ነበር። ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ በአንድ ከተማ ተገናኙ። ሆኖም ይህን የመሰለ ነገር በየአውራጃው አልተደገመም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቢሮው ወንበር እየሞላ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ወጣት ሥራ አጥቶ በየከተማው መታየት ጀመረ።

"የገበሬ ልጅ ገበሬ ሆኖ ይቅር?"

መንግሥት ችግሩን አላጣውም። በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. ባለሙያዎች ተሰብስበው የትምህርት ዘርፉን አጠኑ። ሴክተር ሪቪው እየተባለ የሚታወቀው ይህ ነው። ጥናቱ ትምህርቱ ከገጠሩ ኑሮ ጋር እንዳልተገናኘ፣ አብዛኛው ሕፃን ደጁን እንዳልረገጠ፣ የተማረውም ሥራ እያጣ መሆኑን አየ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ለሁሉም የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ነበር፤ ከአካባቢው ሥራና ኑሮ ጋር የተያያዘ። ከዚያ በላይ የሚቀጥለው ቁጥር የተወሰነ ይሆናል።

በወረቀት ላይ ስታነቡት ክፋት የለውም። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር አነበበበት፦ "የጌታ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቀራል።" መምህራን የደመወዝ ጥያቄያቸውን ከዚህ ጋር አያይዘው የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። በነዳጅ ዋጋ የተማረሩት የታክሲ ሾፌሮች በዚያው ሰሞን ቆሙ። መንግሥት ጥናቱን ተወው። በጥቂት ቀናት ውስጥም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ።

አብዮቱ በዚህ ጥናት ምክንያት ብቻ ፈነዳ የሚል የለም። ግን ትምህርቱን አስቡት። "የአካባቢ ሥራ" የሚለው ቃል ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ የሚዘጋ ሲመስል የገበሬው አባት አይቀበለውም። ልክም ነው። እርሱ ልጁን የላከው አንዳንዴ አንዱ ስለሚወጣ ነው። ያቺን ጠባብ ቀዳዳ ደፍናችሁ "እዚሁ ሥራ" ብትሉት ይቆጣል። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር የሚያነሣ ሁሉ የ1966ቱን የካቲት ሊያስታውስ ይገባዋል።

ደርግ ነገሩን ገልብጦ ያዘው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። የከተማው ተማሪ ገበሬውን አየ፤ ብዙ ሥራም ተሠራ። ነገር ግን ዘማቹ እንግዳ ነው፤ ጊዜው ሲያበቃ ይመለሳል። ከዚያ ይልቅ በጸጥታ የሠራው የመምህራን ማሠልጠኛው ነው፤ ቲቲአይ የምንለው። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰውን ልጅ አንድ ዓመት አሠልጥኖ የአንደኛ ደረጃ መምህር ያደርግ ነበር። ምናልባት እናንተንም ፊደል ያስቆጠረቻችሁ የእርሱ ምሩቅ ትሆናለች። የተከፈተ ክፍል ነበር፤ ለክፍሉ መምህር ተፈለገ፤ ሰው ሠለጠነ። እንደገና ቦታው ቀደመ።

ሥልጠናው ቀድሞ ቦታው ሲጠፋ

1986 ዓ.ም. ላይ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ። ልጁ አሥረኛ ላይ ይፈተናል፤ ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 ያልተባለ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ኮሌጅ በየዞኑ፣ ኋላም በየወረዳው ተከፈተ። ኋላ ላይ በጀርመን እገዛ ሥርዓቱ ተለውጦ የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ፣ መጣ። ሠልጣኙም ጊዜውን 70 በመቶ በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶ በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ታሰበ።

የጀርመኑን መንገድ ማንም አይነቅፈውም። እዚያ ወጣቱ ከአንድ ድርጅት ጋር ውል ተዋውሎ፣ አበል እየተከፈለው፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ትምህርት ቤት እየሄደ ይሠለጥናል። ድርጅቱ ቀድሞ አለ። አሁን ይህን ወደ መርጡለ ማርያም አምጡት። ሰባ በመቶው የት ይሆናል? ከተማው ውስጥ ያሉት ጥቂት በር የሚበይዱ፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩ፣ ወፍጮ ቤቶችና ጋራዥ ናቸው። የብየዳ ቤት ባለቤት ከአንድ ረዳት በላይ አይችልም። ኮሌጁ ግን በአንድ ዙር ብዙ ልጅ ያስመርቃል። ሠልጣኙ የብየዳ ማሽኑን ከሩቅ አይቶ፣ ወረቀቱን አጥንቶ፣ ሲኦሲ ተፈትኖ ይወጣል። ወጥቶም በሩ የት እንደሆነ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ "ተደራጁ" መጣ። በማኅበር ተደራጅቶ ብድር የወሰደ፣ ሼድ የተሰጠው አለ። 2009 ዓ.ም. ላይ የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ታወጀ። አንዳንዱ ተሳክቶለታል፤ ብዙው አልሆነለትም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነግዶ ሳያውቅ፣ ሙያ ሳይዝ፣ ከማያውቃቸው አራት ልጆች ጋር ተደራጅቶ ዕዳ ሲወስድ ምን ይጠበቃል? የአርባ ዓመት ነጋዴ የሚፈራውን ነገር ከልጅ ጠበቅን።

ኮብልስቶንን ደግሞ ታስታውሳላችሁ። "ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ጠረባ" እየተባለ ብዙ ተቀለደበት። እኔ አልቀለድሁም። ድንጋዩ የአካባቢው ነው፣ ሥራው የሚታይ ነው፣ ገንዘቡ በወጣቱ እጅ ይገባል። ጉድለቱ ሌላ ነው። መንገዱ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫም እንዲሁ ነው። አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች የአየር ፎቶ ይዘው ከገበሬው ጋር በየማሳው እየዞሩ ድንበር ለዩ። ግሩም ሥራ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ውሉም አበቃ፤ ልጆቹም ተበተኑ። ፕሮጀክት ለአንድ ክረምት ያኖራል፤ ቦታ ግን ጎጆ ያስወጣል።

በቀበሌ ሁለት

አሁን ወደ ታናሽ እህቴ እንመለስ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አሠራሩን ነጥብ በነጥብ እዩት።

መጀመሪያ ቦታው ተቆጠረ፤ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሰው። ቀጥሎ ሥራው ተጻፈ። መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወባ መከላከልና የመሳሰሉት 16 ፓኬጆች ሆነው ተዘረዘሩ። ከፋዩም ታወቀ፤ የመንግሥት ደመወዝ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ልጅ የተፈለገው። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሴት፣ የዚያው አካባቢ ልጅ፣ ቋንቋውን የምትናገር። አንድ ዓመት ሠልጥና ወደ ራሷ ሰዎች ትመለሳለች።

ውጤቱ? በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በሥራ ላይ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 67 ደረሰ። ሁሉንም ያመጡት እነርሱ ብቻ ናቸው አልልም፤ መንገዱም፣ ክትባቱም፣ አጎበሩም አለበት። ነገር ግን አጎበሩን ቤት ድረስ ይዞ የሄደው ማን ሆነና?

የእህቴን የመጀመሪያ ዓመት አስታውሳለሁ። የሠፈሩ አረጋውያን "ትናንት ንፍጧን የጠረግንላት ልጅ መጸዳጃ ቆፍሩ ትለናለች?" እያሉ ሳቁባት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሁሉ ሌሊት የሚያንኳኳው የእርሷን በር ሆነ። የምትታወቅ መሆኗ መጀመሪያ አስናቃት፤ ኋላ ደግሞ ያው መታወቋ አስከበራት። ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ይህን አያገኝም።

በተመሳሳይ ጊዜ የግብርና ባለሙያዎችም ሠልጥነው ነበር። በ25 ገደማ የግብርና ኮሌጆች ከ60 ሺህ በላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ተመረቁ። ለቀበሌ ሦስት፤ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። ቦታው እዚህም ቀድሞ ነበር፤ ለዚህም ነው ያ ሁሉ ወጣት ሥራ የያዘው። ነገር ግን ብዙው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተመደበ ነው። ማዳበሪያ ማከፋፈል፣ ብድር ማስመለስ፣ ሰው ለስብሰባ መጥራት ተደራረበበት። ዝውውር የሚጠይቀው፣ ሥራ የሚለቀውም በዛ። የተመደበበት መንደር ዘመዱ አልነበረም።

የጤና ኤክስቴንሽኑም ያለ እንከን አይደለም። እህቴ ብዙ ዓመት አንድ ደረጃ ላይ ቆማ አለቀሰች። የደረጃ አራት ሥልጠና ኋላ ባይመጣ ኖሮ ሴክተር ሪቪው የተከሰሰበት ነገር በእርሷ ላይ ይፈጸም ነበር፤ የድኻ ልጅ አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጣ መቅረት። መሰላሉ ዘገየ፤ ግን መጣ።

የዛሬው ልጅ

አሁን ያለንበትን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 845,099 ተፈትነው 27,267 አለፉ። የእህቴ ልጅ ከቀሩት ከ8 መቶ ሺህ በላይ ልጆች አንዷ ናት። በ2016 ዓ.ም. ያለፈው ከመቶ 5.4 ነው። የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያሉ፣ ጥቂቱን ያነሣል። የአሥረኛ ክፍሉ ፈተናም ስለቀረ ልጁ በፊት አሥረኛ ላይ ያገኘው የነበረው መታጠፊያ አሁን ከአሥራ ሁለተኛ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ልጅ ሰነፍ ማለት ይቀላል። ፈተናው ጥብቅ መሆኑን እኔም እደግፋለሁ፤ ኩረጃ አገር ያጠፋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከመቶ 95ቱ ያላለፉበት ፈተና ከኋላው ሌላ በር ከሌለው አሥራ ሁለቱ ዓመት ለነዚያ 95 ልጆች ምን ነበር?

"ወደ እርሻው ይመለስ" የሚል አለ። በየትኛው መሬት? በክልላችን አጠቃላይ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። የእህቴ ልጅ ያኔ አልተወለደችም። ከዚያ ወዲህ ያደገ ልጅ ከአባቱ ቁራሽ ካልተሰጠው በቀር የሚያርሰው የለውም። ስለዚህ ወንዱ ለሰሊጥ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ሎተሪ ያዞራል፣ የቀን ሥራ ይሠራል። ሴቷ ፓስፖርት ታወጣለች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ መንገዱም ተቆርጦ ነው የከረመው። በዚህ ጊዜ ያለ መግቢያ ፈተና ወጣቱን የሚቀበለው ጦርነት ብቻ ሆኗል። ይህን የምጽፈው ማንንም ልከስ ብዬ አይደለም፤ እናቶች በየቤታቸው የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

ታሪኩ ሦስት ነገር ይነግረናል።

አንድ፤ ቦታው ይቅደም። ወረዳው "ስንት ልጅ እናሠልጥን?" ከማለቱ በፊት እያንዳንዱ ቀበሌ የሚፈልገውን ሰው ይቁጠር። በእኛ በኩል ሳስበው ባዶው ቦታ ብዙ ነው። የገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር ሒሳብ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። የመስኖ ፓምፑ ሲበላሽ ጠጋኝ እስኪመጣ ሽንኩርቱ ይደርቃል። ከብት ሲታመም ባለሙያው ሩቅ ነው። የኦ ክፍል ሕፃናት ራሱን የቻለ ተንከባካቢ ይፈልጋሉ። እነዚህ ሥራዎች አሉ፤ የሌለው ስምና ከፋይ ነው። የወረዳው በጀት በደመወዝ እንደተያዘ አውቃለሁ። ስለዚህ ገበሬው ዛሬም ከኪሱ በሚከፍልባቸው ይጀመር፤ በፓምፑ፣ በወፍጮው፣ በማኅበሩ ሒሳብ። ገበሬው ለጠጋኝ ከሩቅ ሲያስመጣ የሚያወጣው ገንዘብ ነው፤ እዚሁ ላለ ልጅ ይክፈለው።

ሁለት፤ ልጁ የዚያው መንደር ይሁን፤ ሽማግሌው፣ መምህሩና ማኅበሩ በተገኙበት በግልጽ ይመረጥ። በዘመድና በፖለቲካ ከተመረጠ ሁሉም ከንቱ ነው። ሥልጠናውም አጭርና ከሥራው ጋር የተያያዘ ይሁን፤ ከጠጋኙ ጋር፣ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር እየሠራ ይማር።

ሦስት፤ መሰላል ይኑረው። ሁለት ዓመት ያገለገለ ልጅ ወደ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት የታወቀ መንገድ ይከፈትለት። ያለዚህ የ1966ቱ ቁጣ ዳግም ይመጣል፤ መምጣቱም ትክክል ነው።

"ይህ ስንቱን ሊይዝ?" የሚል አይጠፋም። ሁሉን አይዝም። ግን ሒሳቡን እንሥራ። ጤና ኤክስቴንሽን ለቀበሌ ሁለት ሰው ብቻ ብሎ ተነሥቶ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በአገራቸው አቆመ። በአማራ ክልል ከ3 ሺህ በላይ ቀበሌዎች አሉ። እያንዳንዱ አምስት ቦታ ቢከፍት 15 ሺህ ልጅ በየቤቱ እንጀራ ይበላል። በቀበሌ አምስት ማለት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ከሚቆሙት ልዑካን ቁጥር አይበልጥም።

ሰላም ከሌለ ይህ ሁሉ ወረቀት ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰላም የመጣ ዕለት የሚታጠፈው ጠመንጃ በምን ይተካል የሚለው ጥያቄ ያን ዕለት የሚጀመር ከሆነ ረፍዷል። ቆጠራው ዛሬ በአንድ ደብተርና በአንድ ቀበሌ ይጀመራል።

ከለቅሶው በኋላ ልሰናበታት ስገባ የእህቴ ልጅ የአክስቷን የቤት ለቤት መዝገብ እያገለበጠች ነበር። አክስቷ ስልክ ላይ መሙላት ሲያስቸግራት የምትሞላላት እርሷ ናት፤ ሥራውን ታውቀዋለች፣ ሰዎቹም ያውቋታል። ቦታው ብቻ ነው የሌላት።

የኔታ፣ መልሴ ይህ ነው። የት ላይ እንደምትቆም ሳናስብ ነው የላክናት። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሷ አልነበረም።

በእናንተ ቀበሌ ሰው አጥቶ የቆመ ሥራ ምን እንደሆነ ጻፉልኝ። ሰብስቤ እመለስበታለሁ።